የበሩ እማማ

ሆስፒታል የተኙት አሮጊቷ የአውቶቡስ ሾፌር ሁለት ክንዳቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱና እስከ አገጫቸው ሳብ አድርገው፣ "አልወጋም" አሉ።

የነርሶቹ ኃላፊ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። ከኋላዋ ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ኋላ ደግሞ የሾፌሯ ልጅ ቆመዋል። ልጁ ትልቅ ሰው ነው፣ ራሱ የልጆች አባት፤ እናቱ ፊት ግን መሬት መሬቱን ያያል። የሳንባቸው ትኩሳት እንደገና እየወጣ ነው። የጠዋቱን መርፌ እምቢ ብለው አልፏቸዋል፤ የቀትሩም ካለፋቸው ለሕይወታቸው ዋስ እንደማይሆን ሐኪሙ ለልጁ በሹክሹክታ ነግሮታል። የታመመው ሳንባቸው እንጂ ጆሯቸው አይደለም፤ ሰምተዋል።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በአክብሮት ነው። በዚህ ክፍል ያረጀች ሴት ሁሉ "እማማ" ናት። የትልቅ ሰው ስም መጥራት ነውር ነውና ማንም ስማቸውን አይጠይቅም፤ መለየት ካስፈለገ "የመስኮቱ እማማ"፣ "የበሩ እማማ" ይባላል። ሾፌሯ የመስኮቱ ነበሩ። ስኳር በሽተኛዋ ጎረቤታቸው ፀሐይ ናፈቀኝ ሲሏቸው አልጋ ተለዋወጡ፤ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ መስኮት ጠግበዋል። በማግስቱ ወጣቷ ነርስ መጣች። "እማማ፣ እንዴት አደሩ?" ብላ፣ እጃቸውን ደባብሳ፣ የስኳሩን መርፌ ለበሩ እማማ ሰጠች። ብዙም አልቆየ፣ ሾፌሯ በላብ ተጠመቁ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ራሳቸውን ሳቱ። ነፍሳቸው የተመለሰችው በግሉኮስ ነው።

ሐኪሙ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ጋር አልተስማማም ብሎ ለልጁ ነገረው። ወጣቷ ነርስ ግን ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ሥር ተንበርክካ፣ የጎረቤታቸውን መርፌ የወጋቻቸው እሷ መሆኗን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሾፌሯ ሰደቧት፣ አፋቸው እስኪደርቅ። ተቀብላ፣ አልቅሳ ሄደች። በማግስቱ ከክፍሉ አንስተው ልብስ ማጠቢያ አንሶላ እንድታጥፍ አደረጓት፤ ትሰናበታለችም እየተባለ ነው። ሾፌሯ ለልጃቸው ይህን ሲነግሩት ትኩሳቱ ነው የሚያናግርሽ አላቸው። ሐኪም እያለ እናትን ማን ያምናል።

የክፍሉ በሽተኞች ግን አመኑ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ክኒን ማየት ያስፈራቸው ጀመር። አንዷ ምላሷ ሥር ደብቃ ቆይታ ትተፋለች። የመስኮቱ ጎረቤታቸው እንኳ፣ ያለ መርፌ የማይኖሩት ሴት፣ ዛሬ ደህና ነኝ እያሉ ነርስ ያባርራሉ።

ኃላፊዋ በለሰለሰ ድምፅ ስለ ረጅም ልምዷ አስረዳቻቸው። ሾፌሯ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

"እማዬ፣ በሞቴ ተወጊ" አለ ልጁ።

"አንተ ምን ቆርጦህ ትሞታለህ፤ የምሞተው እኔ። ያችን ልጅ ጥሩልኝ።"

ሐኪሙ ትዕግሥቱ አለቀ። "እማማ፣ የተሳሳተችው እኮ እሷው ናት!"

ልጁ ቀና አለ። "ተሳሳተች? ለእኔ መድኃኒቱ አልተስማማቸውም አይደል እንዴ ያሉኝ?"

ሐኪሙ ካርዱን ማገላበጥ ጀመረ። ሾፌሯ አልሳቁም፤ ደስታቸውን ግን አልደበቁም።

"እሷ ተሳሳተች። አንተ ዋሸህ" አሉት። "ይኼ መርፌ ዛሬ ቢያጋድመኝ፣ ነገም ለልጄ አልተስማማትም ነው የምትለው። እሷ ግን መጥታ ትነግረዋለች። ነገም የምትወጋኝ እሷ ናት፣ ከነገ ወዲያም። ካባረራችኋት ክንዴ አብሯት ይሄዳል።"

ሐኪሙ ልጁን አየ፤ ልጁ ዓይኑን አልሰበረም። ኃላፊዋ ማንም ሳያዛት ሄዳ ጠራቻት።

ወጣቷ ነርስ እጇ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ፣ አንገቷን ደፍታ ገባች። መርፌውን ተቀበለች። "እማማ..." ብላ ጀመረች።

"እማማ አትበይኝ። በሩ ጋ ያለችውም እማማ፣ መስኮቱ ጋ ያለችውም እማማ። ስሜን ጠይቂኝ።"

ልጅቷ አፈረች። በእናቷ ዕድሜ ሳይሆን በአያቷ ዕድሜ ያለች ሴት ስም መጠየቅ ከመርፌው በላይ ከበዳት። "ስምዎን... ማን ልበል?" አለች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

"ሰው ይስማ።"

"ስምዎ ማን ነው?"

ሾፌሯ ተነሥተው ተቀመጡ። ከሞተር ጩኸት በላይ ይሰማ በነበረው ድምፃቸው ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ተናገሩ፤ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ልጅቷ ከሕክምና ካርዳቸው ጋር አመሳከረች። የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብላ አነበበች፣ ብልቃጡን አዙራ አሳየቻቸው። ሾፌሯ ያኔ ክንዳቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡላት።

መርፌው ሲነቀል ከመስኮቱ በኩል አልጋ ሲጢጥ አለ። ጎረቤታቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ይናገራሉ።