ሁለተኛው ዲስክ

ሞምባሳ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ዙሁራ የልጅነቷን ኮምፒውተር ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተችው።

«ያንን ቆርቆሮ ዛሬ ቆራሌው ካልወሰደው እኔው ራሴ ባሕር እጥለዋለሁ!» አለች እናቷ፣ ማሃምሪ የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ በዘይት ከምትጠብስበት ጓዳ ሆና። ከዚያ «ባሕር» ማለቷ ራሷን አስደንግጧት አፏን በእጇ ያዘች።

ልጆች ሳሉ የሚጫወቱት የጀልባ ጨዋታ በሁለት ፍሎፒ ዲስክ ነበር። ከታናሽ ወንድሟ ከአቱማኒ ጋር፣ አንዳቸው ሌላቸውን ጥለው እንዳይጫወቱ፣ ዲስኮቹን ተካፍለዋቸው ነበር። የመጀመሪያው እሷ ጋ፣ ሁለተኛው እሱ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ።

«ያለ እኔ እንዳትሄጂ ነዋ፣ አንቺ ሌባ!» ይላት ነበር።

ዓሣ ሊያጠምድ ባሕር ወጥቶ በዚያው የቀረ ዕለትም ዲስኩ ከኪሱ አልወጣም። ሬሳውም አልተገኘም።

ዙሁራ የመጀመሪያውን ዲስክ አስገባች፤ ስክሪኑ ላይ ትንሿ ጀልባ እንደ ድሮዋ ወደቡ አፍ ላይ ደርሳ ቆመች። «ሁለተኛውን ዲስክ ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ መጣ። አቱማኒ ከቀረ ወዲህ ጀልባዋ ይህችን አፍ አልፋ አታውቅም። ዙሁራ የመጀመሪያውን ዲስክ አወጣችና ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች።

ባዶው የዲስክ ማስገቢያ ክርር፣ ክርር አለ። መብራቱ በራ። ማንም ሳይነካት ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች። ከማስገቢያው አፍ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው፤ ጨው ጨው አላት።

ጀልባዋ ወደቡን ለቅቃ እየራቀች ነው።

«አቱማኒ» አለች፣ ስክሪኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ያለ እኔ እንዳትሄድ።»