አፉ ሲፈታ

ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር እሑድ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ላይ ወድቆ ተገኘ። መንጋጋው ተሰብሯል፤ ሁለቱም ክንዶቹ ከጥቅም ውጭ ሆነዋል።

ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች በዚያ አለፉ። ሰባኪው ሰካራም መስሎት ጥግ ጥጉን ይዞ ሄደ። የመዘምራኑ መሪ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተሻገረችው።

ያነሣው ቁልፍ ሠሪው ነው። ሰፈሩ «መጤው» ይለዋል። ዳይሬክተሩ ከሰፈሩ ሊያስነሣው ሁለት ጊዜ ፊርማ አሰባስቦበታል፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሰላምታውን መልሶለት አያውቅም።

ሐኪም ቤት መንጋጋውን በሽቦ አሰሩለት፤ ክንዶቹን በጄሶ ጠቀለሏቸው። ሁለቱ ልጆቹ መጥተው ከአልጋው ግርጌ ቆሙ።

«እኛ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነን። ማን ያስታምመዋል?» አለ ታላቁ።

«እኔ አለሁ» አለ ቁልፍ ሠሪው።

ወደ አንድ ክፍል ቤቱ ወሰደው። አልጋውን ለቆለት ወለል ላይ ተኛ። ሾርባ በቀጭን ቱቦ ያጠጣዋል፣ ጢሙን ይላጨዋል፣ ገላውን ያጥበዋል። «አይዞዎት ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት» ይለዋል።

ሰፈሩ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም።

«እንደዚያ የጠላውን ሰው እንዲህ የሚንከባከብ ጤነኛ አለ?» አለች ባለ ሱቋ።

«ኅሊናው እረፍት ነሥቶት ነው እንጂ» አለ የዳይሬክተሩ ታናሽ ልጅ።

ሰባኪው ሳቅ ብሎ፣ «ወንጌሉ ላይ ያለው ሳምራዊ እኮ መጀመሪያ አልደበደበም» አለ። ቀልዷ በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰች።

መርማሪ ፖሊስ መጣ።

«አባቴ፣ የመታዎትን ሰው ያውቁታል? ካወቁት ራስዎን ይነቅንቁልኝ።»

ቁልፍ ሠሪው ቱቦውን ይዞ አጠገቡ ቆሟል። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። ፖሊሱ ቁልፍ ሠሪውን ገርመም አድርጎት፣ «በአንደበቱ እስኪናገር እንጠብቃለን» ብሎ ወጣ።

በስድስተኛው ሳምንት ጄሶውም ተነሣ፣ ሽቦውም ተፈታ። ፖሊሱ፣ ሰባኪውና ሁለቱ ልጆች ጠባቧን ክፍል ሞሏት። ቁልፍ ሠሪው ሽማግሌውን ቀና አድርጎ ትራሱን አስተካከለለት።

«ይናገሩ ጋሼ። ማንንም አይፍሩ።»

ሽማግሌው ልጆቹን አያቸው። ከዚያ የከሳ እጁን አነሣና ወደ ቁልፍ ሠሪው ጠቆመ።

«እሱ ነው።»

ቁልፍ ሠሪው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ካቴናው ሲገባለት፣ «ጋሼ፣ መድኃኒትዎ ስምንት ሰዓት ላይ ነው» አለ።

ፖሊሱ ይዞት ሄደ። ሰባኪው አጭር ጸሎት አድርሶ ተከተላቸው። ታናሹ ልጅ በሩን ዘጋ።

አባትየው የእግራቸው ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀና፣ «ዱላውን አቃጠላችሁት?» አላቸው።