ከጋቢው ሥር

የአባዬን የእግር አውራ ጣት ጥፍር ጨምቄ እለቀዋለሁ። ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ትናንት ማታ የተሰበረ ቅልጥሙ ጄሶ ሲታሰርለት፣ ሁለት ሳልቆጥር ነበር ደሙ የሚመለሰው።

«ተው እንግዲህ፣ ሰው እያየን» ይላል፤ ጋቢውን ስቦ እግሩን ይሸፍናል።

«ቀዝቅዟል እኮ፣ አባዬ።»

«የላሊበላ ጠዋት መቼ ሞቆ ያውቃል?»

ሲስተር ሰብሌ ትናንት ጣቶቹን እያሳየች «ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ሕመሙ ከባሰበት ጥራኝ» ብላኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ ልጠራት ብነሳ አባዬ እጄን ያዘኝ። ሐኪሟ ራሷ ጠዋት ትመጣ የለ፣ ሰው አታስቸግር አለኝ። እኔም ተቀመጥኩ። አሁን ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ሲነክሰው ያደረው የጋቢው ጠርዝ ርሷል።

«አስታማሚ ውጪ! ራውንድ ነው!» ጥበቃው ጋሽ ደሳለ በሩን በዱላው ይመታል።

«እንደሚያምህ ንገራት» እለዋለሁ አባዬን።

«እሺ አልኩህ።»

የአባዬን እሺ አላምነውም። ለክፍሉ ሰው ሁሉ በቅሎ ጣለችኝ ብሎ ነው የነገረው። ቤታችን በቅሎ ኖሮ አያውቅም። ከብልባላ ገበያ ሲመለስ ጉልበቱ ደክሞት አህያዋ ላይ ወጣ፤ ቁልቁለቱ ላይ ጣለችው። ያን የሚያህል ሰው አህያ ጋለበ ከሚባል፣ ያልነበረች በቅሎ ይሻለዋል።

ኮሪደሩ ላይ እንጎራደዳለሁ፤ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ገርበብ ባለው በር አያለሁ። ዶክተር ፀደይ ከአልጋ ወደ አልጋ ትሄዳለች። ወጣት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትርቅም። ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው ያደረችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። ከዚህም ስትወጣ ተመልሳ ወደዚያው ናት፤ እስከ ነገ ጠዋት አትመጣም።

የአባዬ ተራ ይደርሳል። በክርኑ ተደግፎ ሊነሳላት ይሞክራል፤ ጋቢውን እስከ ጣቶቹ ጫፍ ይስባል። ልጅ ሳለሁ፣ ቄስ ፊት እግሬን ዘርግቼ ብቀመጥ በአርጩሜ ነበር የሰበሰበኝ። እግር ለሚከበር ሰው አይዘረጋም።

«እንዴት አደሩ፣ አባት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና። እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«ሕመሙስ?»

«ተመስገን፣ በጣም ተሽሎኛል። ብቻ እርስዎ ይበርቱልን።»

ትጽፋለች። ወደ ቀጣዩ አልጋ ትዞራለች።

በሩን ገፍቼ እገባለሁ። ጋሽ ደሳለ ጃኬቴን ይይዛል፤ እንደያዘኝ አብሮኝ ይገባል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ። አባቴ አልተሻለውም።»

«እሳቸው ተሽሎኛል ብለዋል እኮ።» ቁጣ የለባትም፤ ድካም ነው።

«በሬ ወግቶት ጎድኑ ሲሰበርም ተመስገን ነው ያለው።»

«ይቅር ይበሉት፣ ዶክተር» ይላል አባዬ። «ኮሌጅ ገብቶ ነው እንዲህ የሆነው።»

ክንዱ የተሰበረው አብዱልሀሚድ ከጎን አልጋ ሆኖ ይስቃል። «ወላሂ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጋቢ ሲያኝክ ነው ያደረው! ያቺ በቅሎም ብትጠየቅ ሌላ ነገር ሳትናገር አትቀርም።»

የጋቢውን ጫፍ እይዛለሁ። አባዬ ደግሞ የእጄን አንጓ ይይዛል። የገበሬ እጅ ነው፤ ያመኛል። ዓይኑ ግን ይለምነኛል፤ አባቴ ለምኖኝ አያውቅም።

እገልጠዋለሁ።

ጣቶቹ አብጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ አመድ መስለዋል። ዶክተር ፀደይ ወረቀቷን አልጋው ላይ ጥላ ትጎነበሳለች። ጥፍሩን ትጨምቃለች። በሆዴ እቆጥራለሁ፤ ስድስት።

«ጣትዎን ያንቀሳቅሱልኝ።»

ንቅንቅ አይልም። በእጇ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ስታጥፈው አባዬ «ኧረ እናቴ!» ብሎ ይጮኻል። አብዱልሀሚድ ሳቁን ያቆማል።

«እግሩ አብጦ ጄሶው አንቆታል። ሰብሌ፣ የጄሶ መቁረጫ። ቶሎ!»

ጄሶው በግራም በቀኝም እስከ ታች ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ ያለው ጥጥና ፋሻም ይቀደዳል። ሲስተር ሰብሌ እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል «ጥራኝ አላልኩህም?» ትለኛለች።

«ብለሽኛል» እላለሁ።

«እስከ ነገ ቢቆይ እግሩን እናጣው ነበር» ትላለች ዶክተሯ፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልለየሁም። «አሁንም ደሙ ካልተመለሰ ቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ነው።»

ከአልጋው አጠገብ አትነቃነቅም። ሁላችንም አንዲት ጣት እናያለን፤ ጋሽ ደሳለም ጃኬቴን እንደያዘ ያያል። ትጨምቃለች። አምስት። ትጠብቃለች። እንደገና። አራት። ብዙ ቆይታ ትጨምቃለች፤ ሦስት ሳልል ጥፍሩ ሥር ቀይ ነገር ይገባል። አውራ ጣቱም፣ ከእንቅልፍ እንደሚነሳ ሰው፣ ትንሽ ይነቃነቃል።

ዶክተር ፀደይ በረጅሙ ትተነፍሳለች። «ከእንግዲህ እንዴት አደሩ ስልዎ፣ አባት፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። እግርዎ ይመልስልኝ።»

ጋሽ ደሳለ ድንገት ጃኬቴን ይለቅና ባርኔጣውን አውልቆ ይጎነበሳል። የነፍስ አባታችን አባ ኢያቄም መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እሳቸውን በራውንድ ሰዓትም የሚከለክል የለም።

የአባዬ እጅ ወደ ጋቢው ይሮጣል፤ ጠርዙን ጨምድዶ ይይዛል። እግሩ እንደተገለጠ ነው፤ አምስቱም ጣቶች ቀጥ ብለው ወደ አባ ኢያቄም ተዘርግተዋል። ዶክተር ፀደይ እጁን ታየዋለች።

«እንዴት ነህ፣ ቢተው?» ይላሉ አባ ኢያቄም።

አባዬ የጋቢውን ጠርዝ ይለቃል።

«አሞኛል፣ አባ» ይላል። «የጣለችኝም አህያ ናት።»