ለአስረስ ሥራ ተገኘለት

የወህኒ ጠባቂ ደግ አይሆንም የሚል ሰው ሳማታርን አያውቀውም። ሳማታር በሀርጌሳው እስር ቤት ዐሥር ዓመት ሲጠብቅ አንድም እስረኛ ያለ ምክንያት መትቶ አያውቅም። ምክንያቱን ሁልጊዜ አስቀድሞ ይናገር ነበር።

ያደገው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አማርኛውም የከዚራ ልጅ አማርኛ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያውያኑን ምርኮኞች የሚያነጋግረውም፣ ስማቸውን በዝርዝር የሚጽፈውም እሱ ሆነ።

ከምርኮኞቹ አንዱ አስረስ ይባላል። ወታደር ሆኖ ከመዝመቱ በፊት የምድር ባቡር የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ከተማረከ ዐሥረኛ ዓመቱን ይዟል፤ ጦር ሜዳውን ረስቶታል፤ ሐዲዱን ግን አልረሳም።

በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ መንግሥታት ምርኮኛ ሊለዋወጡ ነው የሚል ወሬ ገባ። ሁሉም ሲደሰት አስረስ ብቻ አቀረቀረ።

«ምን ሆንክ?» አለው ሳማታር።

«ወጥቼስ? ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞታል። ከሐዲድ በቀር የማውቀው ሥራ የለም።»

«አቦ፣ ለዚህ ነው? አጎቴ ጉሌድ እዚያው ድሬ የሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነው። አንድ ቃል ብልክለት ይቀጥርሃል። ብቻ ሥራውን አለመርሳትህን ልወቅ። ሰው አስቀጥሬ ማፈር አልወድም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈተና ሆነ። ምርኮኞቹ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ሲፈልጡ ሳማታር አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ይጠይቃል። ብረቱ በሙቀት እንዳይጣመም ምን ያህል ክፍተት ይተውለታል? የላላ ብሎን በመዶሻ ሲመታ ድምፁ እንዴት ነው? ከየትኛው ጣቢያ እስከ የትኛው ሠራህ? ድልድዮቹስ የት የት ናቸው? አስረስ ይመልሳል። ሲመልስ ፊቱ ይፈካል።

«አለቆች መጀመሪያ የሚያዩት መዳፍ ነው» አለው አስረስ አንድ ቀን። «ለስላሳ መዳፍ ይዞ የሄደ ከበር ይመለሳል።»

ሳማታር ሳቀና መዶሻውን ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አብሮት ይፈልጥ ጀመር። ዒሴ የሚባለው ጠባቂ «አንተንም አሰሩህ እንዴ?» እያለ ያፌዝበታል። «ሐኪም ላብ አዝዞልኝ ነው» ይላል ሳማታር። የሩዝ ምሳውንም ለአስረስ ይሰጣል። በሁለት ወር ውስጥ ጠባቂው ከሳ፤ እስረኛው ወዝ አወጣ። ደግነት ማለት ይህ ነው፤ ከገዛ ሥጋ ቆርሶ ለሰው መስጠት።

ቸርነትን ይህ አልዋጥልህ አለው። ቸርነት ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ከአስረስ ጋር በአንድ ሰሌን ላይ ነው የሚተኙት።

«አንተ ጅል፣ ድልድይ የጠየቀህ ሊሻገርበት መሰለህ? ሊያፈርሰው ነው። አገርህን በሩዝ እየሸጥክ ነው።»

«አጎቱ እኮ...»

«አጎቱ ፈንጂ ነው።»

አስረስ ሁለት ቀን የሳማታርን ሩዝ አልነካም። በሦስተኛው ቀን ድልድዮቹን ሆን ብሎ አዛብቶ ሊነግረው ተዘጋጀ። ሳማታር ግን ስለ ድልድይ ዳግም አላነሳም።

«የአጎቴ ጎረቤት ይመኙሻል ክርስቲያን ናት» አለው። «ሥራው እንዲቃናልህ ለቁልቢ ገብርኤል ልትሳልልህ ነው። የክርስትና ስምህን ላክልኝ ብላለች።»

አስረስ ደነገጠ። የክርስትና ስም ለቄስና ለጸሎት እንጂ ለማንም አይነገርም፤ ለቸርነት እንኳ ነግሮት አያውቅም። ግን ፈንጂ የሚያጠምድ ሰው ምን ስለት ያሳስለዋል? ወደ ሳማታር ተጠጋ።

«ወልደ ሰንበት» አለው በጆሮው።

ያን ሰሞን የሶማሊያ መንግሥት ከአካባቢው አማፂዎች ጋር የገጠመው ውጊያ ወደ ከተማዋ እየቀረበ ነበር። የሀርጌሳ ተወላጅ የሆኑት ጠባቂዎች ለጥያቄ እየተባሉ ይጠሩ ጀመር። መጀመሪያ ሺሬ የሚባለው ጠባቂ ሄደ፤ ቀጥሎ ዒሴ። አልተመለሱም። በቦታቸው ከደቡብ የመጡ፣ ማንንም የማያውቁ ወታደሮች ተተኩ። ሳማታርም ትውልዱ ከዚያው ነው። ለሰው ሥራ በማስገኘት የተጠመደ ሰው ግን ስለ ራሱ የሚያስብበት ጊዜ የለውም።

ዝርዝሩ ወጣ። የሚለቀቁት አብዛኞቹ ከሌላ እስር ቤት የሚመጡ ናቸው፤ ከዚህ አስረስ ብቻ ነበር። በማግስቱ ሳማታር ቸርነትን ጠርቶ ጥቂት አነጋገረው። ዝርዝሩ ታረመ፤ ሁለት ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ቸርነት ስለ ድልድይ አላወራም። «ሳማታር ደህና ሰው ነው» አለ ብቻ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

በመውጫው ቀን ማለዳ ሳማታር አስረስን ወደ መሣሪያ መጋዘኑ ወሰደው።

«በዚህ ቡትቶ አለቃ ፊት አትቀርብም። አውልቅና ስጠኝ።» የራሱን ካኪ ሸሚዝና ሱሪ አወጣለት። ልክክ አለበት።

«ሌሎቹ እንዳይቀኑብህ እዚሁ ቆይ። በሩን ከውጭ እዘጋዋለሁ። ስምህ ሲጠራ እከፍትልሃለሁ።»

አስረስ ጎንበስ ብሎ እጁን ሊስመው ሲል ሳማታር እጁን ሰበሰበ። መዳፉ እንደ ድንጋይ ሻክሮ ነበር።

መኪናው ገባ። አስረስ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ምርኮኞቹን የሚረከበው ኢትዮጵያዊ መኮንን ስም መጥራት ጀመረ፤ በየመሐሉ ሰርጎ ገብ እንዳይኖር እያለ ያጣራል።

«አስረስ!»

አስረስ አቤት ሊል አፉን ከፈተ።

«አቤት» አለ አንድ ሰው ከግቢው፣ በከዚራ አማርኛ።

«ሥራ?»

«የሐዲድ ሠራተኛ።»

«የክርስትና ስምህ?»

«ወልደ ሰንበት።»

አስረስ በሩን በሁለት እጁ ይደበድብ ጀመር።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለ መኮንኑ። «አስረስ ነኝ ያለውን ይህን ሰው የሚያውቀው አለ?»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ ቸርነት። «ዐሥር ዓመት በአንድ ሰሌን ተኝተናል። እዚያ ውስጥ ያለው ሳማታር የሚባል ጠባቂ ነው፤ ለጥያቄ ይፈለጋል።»