አንድ ጨዋታ የበላው

በገንዘብ መወራረድ ከተከለከለ ወዲህ ቤቲንግ ቤቶች በመያዣነት የሚቀበሉት ሰው በውስጡ ያለውን ነው፤ ጣዕም፣ ሽታ፣ የሚያውቀውን ድምፅ። ናትናኤል መስከረም ላይ የጨው ጣዕም ተበልቷል። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ሕሊና የጨው ዕቃውን የላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቅላዋለች፤ አለዚያ ወጡ ላይ ሲነሰንስ ይውላል።

ዛሬ ምሳ ላይ ልጃቸው ማርሲላስ፣ "አባዬ፣ ውሃ ላምጣልህ?" አለችው። ዝም ብሎ ጎረሰ። ደግማ ጠየቀችው። አሁንም ጎረሰ። ውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ሲጮህ ግን ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሕሊና እጇን ከገበታው ሰበሰበች።

"ዛሬ ምን አስያዝክ?"

"ትንሽ ነገር ናት።"

"ናቲ፣ ምን አስያዝክ?"

"ድምጿን። አምስት ጨዋታ ገብቶልኝ አንዱ ነው የበላኝ። እሱንም የጎሉ ብረት ኳሷን መልሶት ነው እኮ። ይኼን ያህል ከቀረብኩ ነገ አስመልሰዋለሁ።"

ማርሲላስ አባቷ የሚቀልድ መስሏት ጆሮው ሥር ሄዳ ጮኸች። ናትናኤል ትንፋሿ ሲነካው ብቻ ዞሮ ፈገግ አለላት።

"ነገስ በምን ልታስመልሰው ነው?" አለች ሕሊና።

ናትናኤል የልጅቱን አገጭ በጣቱ ቀና አድርጎ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ የወለቀውን የፊት ጥርሷን ቦታ አንድ በአንድ ያይ ጀመር፤ ሩቅ አገር ሊሄድ እንደተነሳ ሰው።

ሕሊና ከወንበሯ ተነስታ የልጅቱን ፊት በሻርፗ ሸፈነችው።