ሲወጡ ጸጉር፣ ሲገቡ ቦርሳ

ጋሽ አምሐ በር ላይ ወንበር አላቸው። ቤታቸው ኦክላንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኤሌቬተሩ ፊት ለፊት ነው። የሚወጣውም የሚገባውም በዚያ ወንበር ፊት ያልፋል። የሚወጣና የሚገባ ማለት እንግዲህ ሚስታቸው ሀረገወይን ናት፤ ሌላማ ማን ደፍሮ ይመጣባቸዋል።

ዕድሜያቸውን ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ እንጂ መጠበቁን አልተዉም። ቀን ሙሉ ዩቱብ ላይ የጥንት ቻይናን ንግድ ሲያዩ ይውላሉ። ቻይናታውን ካንድ ሽማግሌ የገዟቸው፣ መሐላቸው አራት ማዕዘን ሆኖ የተበሳ የነሐስ ሳንቲሞች አሏቸው። እነሱንና የሀረገወይንን የሰርግ ሐብል ባንድ የቆርቆሮ ሣጥን ቆልፈውባቸዋል። ቁልፉ አንገታቸው ላይ፣ ከማተባቸው ጋር ነው።

«ሐብሉ የኔ አይደለም ወይ፣ ጋሼ?» ብላቸው ነበር ሀረገወይን አንድ ሰሞን። በሃያ ዓመት ስለሚበልጧት ዛሬም ጋሼ ነው የምትላቸው።

«ያንቺ ነው። የሚጠብቀው ግን እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ በባርት ባቡር ሳን ሆዜ፣ እህቷ መቅዲ ዘንድ ትሄዳለች። ጉዱ ያኔ ነው። ቦርሳዋን ይዘረግፋሉ፣ ኮቷን ይዳብሳሉ፣ በመጨረሻ ሻሿን ያስፈቱና ጣታቸውን በሹሩባዋ መሐል ያርመሰምሳሉ። ጎረቤታቸው እትዬ ዓለምፀሐይ አንድ ቅዳሜ ኮሪደር ላይ ይህን አይተው ቆሙ።

«ኧረ ጋሽ አምሐ፣ ቤቱን ኤርፖርት አደረጉት እኮ።»

«አንቺ ታሪክ አታውቂም» አሏቸው። «የጥንቱ የቻይና ንጉሥ፣ ሐር የሚሠራውን ትል ካገር ያወጣ ይሙት ብሎ አወጀ። ዓለሙ ሁሉ ሐሩን ይገዛል፤ ከምን እንደሚሠራ ግን የሚያውቅ የለም። በኋላ አንዲት ልዕልት ለሌላ አገር ንጉሥ ተዳረችና የትሉን እንቁላል ጸጉሯ ውስጥ ሸሽጋ ወጣች። ለምን? የበሩ ዘበኛ የልዕልት ጸጉር መንካት አፈረ። እኔ አላፍርም፤ ከዚህ ቤት ወርቅ በጸጉር አይወጣም።»

ሀረገወይን ሻሿን መልሳ አሰረች።

ስትመለስ ደግሞ ቦርሳዋ ብቻ ይታያል፤ ይኼኛው የዶክተሩ ጣጣ ነው። ጋሽ አምሐ ደም ብዛት አለባቸው፣ ልባቸውም ደክሟል። ከጨው ይራቁ ከተባሉ ወዲህ ግሮሰሪ የሚሄዱት ራሳቸው ናቸው። መቅዲ የላከችው ሽሮ እንኳ ከቦርሳ ወጥቶ ገርቤጅ ይገባል። ሲወጡ ጸጉር፣ ሲገቡ ቦርሳ፤ የቤቱ ሕግ ይኸው ነው።

በፋሲካ መቅዲ ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጠፈች። አንገቷ ላይ ወፍራም ሐብል አለ። የጋሽ አምሐ ደም ፈላ። ሣጥኑን ከፈቱ፤ ሐብሉ ከቦታው አለ። የተለወጠ ቢሆንስ ብለው ወርቅ ቤት ወስደው አስመረመሩት፤ እውነተኛ ነው። ይኼ ጭራሽ እንቅልፍ ነሳቸው። ያልተሰረቀ ዕቃ ሌባው ገና እየመጣ ነው ማለት ነው።

«በምን እንደምታወጪው ደርሼበታለሁ» አሏት፣ ምንም ሳይደርሱበት። «የያዝኩሽ ለት ይኼን ጸጉር በምላጭ ነው የማወርደው። መቅዲንም ሳን ሆዜንም ትረሻቸዋለሽ።»

«እሺ ጋሼ።»

እራት አቀረበች። ጋሽ አምሐ ጎረሱ፣ ደገሙ።

«አልጫሽ ሰሞኑን ጣፈጠኝሳ።»

«ሎሚ ነው፣ ጋሼ።»

«አየሽ፣ ሰው ሲቆጣጠሩት እጁም ይስተካከላል።» ከዚያ ትከሻዋ ላይ ነጭ ብናኝ አዩና ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ፎረፎርሽ ደግሞ ረገፈ። ማዕድ ላይ እንኳ አታፍሪም?»

ትከሻዋን በእጇ ጠረግ አደረገች።

እየቆየ እግራቸው አበጠና ጫማ እንቢ አለ። ሌሊት ሌሊት ውሃ፣ ውሃ ይላሉ። አፖይንትመንት ተይዞላቸው ሄዱ። ዶክተሩ ጨው ይበላሉ ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው ኮሩ።

«በቤቴ ጨው የለም» አሉት። «ዘበኛው እኔ ነኝ።»

ዶክተሩም መድኃኒት ጨመረላቸው።

አንድ ቅዳሜ ማምሻ ላይ ሀረገወይን ከሳን ሆዜ ገባች። ጋሽ አምሐ ያበጠ እግራቸውን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅለው ቦርሳዋን ፈተሹ። ምንም የለም።

«ከእህትሽ ጋር ምን ስትዶልቱ ዋላችሁ?»

«ምንም። ሹሩባ ሠራችኝ።»

ሊስቁ ነበር፤ ሳቁ ደረታቸው ላይ ቀረ። ትንፋሽ አጠራቸው። እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨመደደ። ሚስታቸው ከፊታቸው ቆማ ታያቸዋለች፤ እሳቸው ግን የሚያዩት ሣጥኑን ነው። ዛሬ ልታወጣው ነው፣ አሉ በልባቸው። ከዚያ ወዲያ ምንም አላሉም።

አምቡላንሱ መጥቶ ከሄደ በኋላ የመጀመሪያዋ ለቀስተኛ እትዬ ዓለምፀሐይ ነበሩ። ሀረገወይን ሻሿን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ነይ ልፍታልሽ፣ ልጄ። ሐዘንተኛ ተሠርታ አትቀመጥም።»

«ይቅር፣ እትዬ» ብላ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

ሐዘኑ ነው ብለው እጇን ቀስ አድርገው አነሱላት። ሻሿን ገፈው ሹሩባውን አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር። ማጅራቷ ላይ፣ ጸጉሩ በተጠቀለለበት፣ ጣታቸው አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ ነካ። እትዬ ዓለምፀሐይ ክው አሉ። ለካ ሟቹ እውነታቸውን ኖሯል፤ ወርቋን አውጥታለች። ክሩ አልፈታ ሲላቸው ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው ያዙት።

ጨው ነበር።