በነጥብ የተገኘች አዳር

«ኧረ ኮትዎን ያውልቁ ጋሼ፣» ይላል ወርቅአፈራሁ ደጋግሞ። ጋሼ ፈቃደ ግን ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የሆቴሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ የገቡት እኚህ ሰው ወርቅአፈራሁን ያሳደጉት አጎቱ ናቸው።

ሚስቱ የትነበርሽ በሩ አጠገብ ቆማ ጥርሷን ነክሳለች። ይህ አዳር የእሷ ነበር። ባሏ ያንን ዕቃ በገዙበት ቁጥር ለሆቴል አዳር ነጥብ የሚያጠራቅም ክሬዲት ካርድ ያወጣ ዕለት፣ «በነጥቡ አንድ ቀን አንቺን አሳድርበታለሁ፤ የሰው አልጋ ስታነጥፊ ኖረሽ ለአንቺም ይነጠፍልሽ» ብሎ ምሎላታል። እሷም ሞኟ አመነችው።

ከዚያ ወዲህ ያየችው አበሳ! ስኪልደርስዋይክ በሚባለው የፈረንጅ አገር ሰፈራቸው፣ ቤታቸው ሥር ያለው ሥጋ ሻጭ ካርድ አይቀበልም ተብሎ በትራም ሄደው በእጥፍ ዋጋ ሥጋ ገዝተዋል። ምግብ ቤት ከሰው ጋር ሲቀመጡ «እኔ ልክፈል» ብሎ የሚታገለው ደግነት ይዞት አይደለም፤ ለነጥቡ ነው። ሰው ግን ቸር ነው እያለ ይመርቀዋል። ለካርዱም በየዓመቱ የአገሩን ገንዘብ፣ ጊልደሩን ይገብራል። «አይረባም፣ መልሰው» እያለች ምላሷ ደረቀ። ይኸው ነጥቡ ሞላ፣ ሞላና ለአጎቱ ሆነ።

«ቤታችን ስለሚጠብ እኮ ነው ጋሼ። እዚህ ይመችዎታል፣» ይላል ወርቅአፈራሁ።

«ምን አጠፋሁ?» ይላሉ ጋሼ ፈቃደ። ድምፃቸው ተሰብሯል። «ልጄ ቤት መጣሁ ብል ለፈረንጅ ታስረክበኛለህ? መሬት ላይ ብታነጥፍልኝ ምን ነበረበት?»

«በነጻ ነው እኮ! ዕቃ ስንገዛ በተጠራቀመ ነጥብ!»

«እንዲያውም በምራቂ ነው የማስተናግድህ በለኛ!»

የትነበርሽን ሳቅም እንባም እኩል ይተናነቃታል። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። እሷም ጠዋት አልጋችንን እንልቀቅላቸው፣ እኛ ሳሎን እንተኛለን ብላው ነበር። ማን ሰምቷት! በእልህ አንሶላውን ቀይራ አልጋውን አንጥፋ ነው የወጣችው።

«እሺ፣ እንሂድ፣» ይላል ወርቅአፈራሁ ፊቱ ጠቁሮ። «ዛሬ ካልታደረበት ግን ይቃጠላል። ያ ሁሉ ነጥብ!»

«አይቃጠልም፣» ትላለች የትነበርሽ። ሻንጣውን ከጋሼ ጭን ላይ አንስታ ለባሏ ታስጨብጠዋለች። «ጋሼ፣ እቤት አልጋው ተነጥፎልዎታል። ወጡም ተሠርቷል፣ እሱ ያሙቅልዎት። ጠዋት መጥቼ ቁርስዎን አቀርባለሁ።»

«አንቺስ?» ይላል ባሏ።

«እኔማ እዚሁ ነኝ።»

ጋሼ ፈቃደ አንዴ እሷን፣ አንዴ አልጋውን ያያሉ። ከዚያ ብድግ ይላሉ።

«ተዋት፣ ትረፍበት። ደክሟታል።»

ኮሪደሩ ላይ ወርቅአፈራሁ ዞር ብሎ፣ «ታዲያ አሁንም ካርዱ አይረባም ትያለሽ?» ይላታል። በሩን ትዘጋበታለች።

ኮቴያቸው ሲርቅ መልሳ ትከፍተዋለች። በምትሠራበት ሆቴል የጽዳት ጋሪዋን እየገፋች፣ በየበሩ ላይ እያየችው የምታልፈውን «አትረብሹኝ» የሚል ካርቶን ከውስጥ በኩል ታወርድና፣ በውጭው እጀታ ላይ ታንጠለጥለዋለች።